ላይዳና ሸራ፦ ከደባርቅ አውድማ እስከ ባሕር

ላይዳ ምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ልጅ በመካከላችን ቢኖር አይገርመኝም። የእንጨት ዕቃ ነው፤ እጀታው ረጅም፣ ጫፉ እንደ ሰው መዳፍ ሰፋና ሳሳ ብሎ የተጠረበ። ገብሱ በበሬ ከተበራየ በኋላ ገለባው በመንሽ ይነሳል። የሚቀረው ፍሬና እብቅ የተቀላቀለበት ነው። ነፋስ ሲነሳ ገበሬው ያንን በላይዳ እየዛቀ ወደ ላይ ይወረውራል፤ እብቁን ነፋሱ ይወስደዋል፣ ፍሬውን ክብደቱ ይመልሰዋል። «ለነፋስ መስጠት» ይባላል። በደባርቅና በዳባት ዙሪያ፣ በወገራ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው ዳገት ባሉት የገብስ መንደሮች በመኸር ወራት ይህ ሥራ ዛሬም ይታያል።

ይህን ተራ የእርሻ ዕቃ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ማንሳቴ ከባሕር ጋር ስላለው ዝምድና ነው። ከ4,400 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ ግርጌ ስለሚኖር ዕቃ እየተናገርኩ ባሕር ማለቴ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን ዝምድናው አለ፤ ያውም በጣም ያረጀ ነው።

በስድስት ኪሎ አብረን የተማርን ሰዎች የሆሜርን ኦዲሴ በእንግሊዝኛ ማንበባችንን አንረሳውም። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው አንድ ዓይናውን ግዙፍና የባሕሯን ዘማሪዎች ይሆናል። እኔን ሲከተለኝ የኖረው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ በ11ኛው ክፍል፣ ኦዲሲየስ ሙታን አገር ወርዶ ነቢዩን ቲሬሲያስን ያነጋገረበት። ነቢዩ የሚያዘው እንዲህ ነው። አገርህ ገብተህ ጠላቶችህን ካጠፋህ በኋላ መቅዘፊያህን ትከሻህ ላይ አድርግና ከባሕር ርቀህ ሂድ። ባሕርን የማያውቁ፣ ምግባቸውን በጨው የማይበሉ፣ መርከብ አይተው የማያውቁ ሰዎች እስክታገኝ ድረስ ሂድ። ምልክቱ ይህ ነው፦ አንድ መንገደኛ ያገኝህና ትከሻህ ላይ ያለውን ዕቃ የእህል መስጫ ነው ይልሃል። እዚያ መቅዘፊያውን መሬት ላይ ትከለው፤ ለባሕር አምላክ ለፖሲዶን አንድ በግ፣ አንድ ወይፈን፣ አንድ አሳማ ሠዋ፤ ከዚያ ወደ ቤትህ ተመለስ። በ23ኛው ክፍል ኦዲሲየስ ራሱ ይህንኑ ለሚስቱ ለፔኔሎፔ ይደግምላታል። የአሥር ዓመት መንከራተቱ መቋጫ እንግዲህ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ባለ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

መንገደኛው የሚለው ቃልም ተራ ቃል አይደለም። በግሪክኛ የእህል መስጫ «ፕቱዮን» ይባላል፤ ሆሜርም ያውቀዋል። በኢሊያድ 13ኛ ክፍል ከጥሩር ላይ ነጥሮ የሚመለስን ቀስት በሰፊ ፕቱዮን ላይ ከሚዘለው ባቄላና ሽምብራ ጋር ያመሳስለዋል። መንገደኛው ግን ፕቱዮን አይልም። «አቴሬሎይጎስ» ይላል፤ ትርጉሙ «እብቅ አጥፊ» እንደማለት ነው። በግሪክ ልጅ አንደበት የተለመደ ስም ሳይሆን እንቆቅልሽ የሚመስል ስም ነው። ለምን? ወደዚህ እመለሳለሁ።

በ1963 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመቴን ለመፈጸም ደባርቅ ተመደብኩ። ለወጣቶቹ አንባቢዎቻችን፦ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት አገር ቤት ሄዶ እንዲያገለግል ሕግ ነበር፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ይሄዳል። ደባርቅ ብርዷ ከባድ ነው፤ በጋቢ ላይ ጋቢ የደረብኩበት ዓመት ነበር። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፣ ነገሩ ትዝ ብሎኝ፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ መቅዘፊያ ሣልኩና «ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ክፍሉ ባንድ አፍ «ላይዳ!» አለ። ከሆሜር ጋር የተቀጣጠርን ይመስል ነበር።

አንድ ልጅ ብቻ እጁን አወጣ። አባቱ በንግድ ጎርጎራ የሚመላለስ ነው፤ እሱም ጣናን አይቷል። «እኔ ታንኳ ሲነዱ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አልያዙም፤ የያዙት ዱላ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የደንገል ታንኳ የሚነዳው በረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ሸምበቆ ነው፤ ቀዛፊው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ውሃውን ይገፋበታል፣ ጥልቀት በሌለበትም መሬቱን ይወጋበታል። ሰፊ መዳፍ የለውም። ስለዚህ ኦዲሲየስ መንገዱን በጣና ዳር ቢያደርግ ኖሮ ውሃ የሚያውቀው ሰው ራሱ መቅዘፊያውን ላይዳ ይለው ነበር ማለት ነው! የነቢዩ ፈተና ቀላል አይደለም።

ልጆቹ የተሳሳቱ አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም። የሆሜር ተንታኞች ብዙውን ጊዜ መንገደኛውን ምንም የማያውቅ ገጠሬ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን እሱ ዕቃውን በሚገባ አይቶታል እላለሁ። ሁለቱም ዕቃ ሥራው አንድ ነው፦ ሰፊ መዳፍ ባለው እንጨት አንድን ነገር ዝቆ መወርወር። ቋንቋዎችም ይህን ያውቃሉ። የግዕዙ «ቀዘፈ» ከአረብኛው «ቀዘፈ» ጋር ዘመድ ነው፤ አረብኛው ዋና ትርጉሙ መወርወር ነው፣ ከዚያው ሥር መቅዘፍም ይወጣል። ላቲኖች አካፋውንም የእህል መስጫውንም «ፓላ» ይሉ ነበር፤ ጣሊያኖች እስከ ዛሬ አካፋን ፓላ፣ የመቅዘፊያንም ሰፊ ጫፍ ፓላ ይላሉ። አንድ ቃል አውድማ ላይም ጀልባ ላይም ሲያድር ይኸውና። ሊማሊሞን ቆፍረው የአስመራን መንገድ ያወጡት የ1928ቱ ወራሪዎች በእጃቸው ፓላ ይዘው ቆሙ ብንል ቃሉ ራሱ ከመርከብ ወርዶ ዳገት ወጣ ማለት ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ በማቴዎስ ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስ በእጁ እንዳለ የሚናገረው የግሪኩ ቃል ይኸው ፕቱዮን ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መንሽ» ብሎታል። ግሪኮች ጥርስ ላለው መንሽ «ትሪናክስ» የሚባል ሌላ ቃል አላቸው። የደባርቅ ገበሬ ቢተረጉመው ኖሮ ላይዳ የሚል ይመስለኛል፤ መንሽ ገለባ ያነሳል እንጂ ፍሬን ከእብቅ አይለይም። የሃይማኖት ክርክር አላነሳሁም፤ የአውድማ ክርክር ነው።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ ስም ልመለስ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ አውድማቸው ወሰዱኝ። ስንደርስ «ጫማህን አውልቅ ልጄ» አሉኝ። አወለቅሁ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፣ እግር ይቀዘቅዛል። ሰው ይሠራል እንጂ አይጯጯህም። ከፊት ለፊቴ ያለውን ዕቃ በስሙ ጠርቼ ስጠይቅ አያ በዓይናቸው ገሠጹኝና ጆሮዬ ላይ ዝቅ ብለው «እዚህ እንዲህ አይባልም» አሉ። ለካ በአውድማ ላይ በሬውም፣ እህሉም፣ ዕቃውም በተለመደ ስሙ አይጠራም፤ እያንዳንዱ የአውድማ ስም አለው። ስሙ ከተጠራ በረከቱ ይሸሻል፣ ክፉው ነገር ሰምቶ ይመጣል ይባላል። ቃላቱን አንድ ሁለቱን ነግረውኛል። «ከአውድማ ውጭ አይነገርም» ስላሉኝ ግን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ሃምሳ ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ፣ ለመጽሔት ብዬ አላፈርስም።

ያን ቀን ነው የሆሜር መንገደኛ የገባኝ። «እብቅ አጥፊ» የሚለው አላዋቂ ስላልሆነ ይሆናል፤ የአውድማ ሰው ስለሆነ ዕቃውን በጎን ስሙ ይጠራዋል። መርከበኛ ባሕር ላይ ሳለ የማይጠራቸው ቃላት አሉት፣ ገበሬም አውድማ ላይ እንዲሁ። ሁለቱም በነፋስ እጅ ያሉ ሰዎች ናቸው። ነፋስ ካልመጣ መርከበኛው ይቆማል፣ ገበሬውም ላይዳውን ተደግፎ ይቆማል። ይህ የራሴ ግምት ነው፤ የግሪክኛ ሊቃውንት የሆናችሁ ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል።

መቅዘፊያን መትከልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በኦዲሴ ውስጥ ኤልፔኖር የሚባል ወጣት መርከበኛ ከሰገነት ወድቆ ይሞታል፤ ነፍሱ የምትለምነው በመቃብሬ ላይ በሕይወቴ የቀዘፍኩበትን መቅዘፊያ ትከሉልኝ ብላ ነው። ተከሉለት። በግሪክ አገር ግን በእህል ክምር ላይ የተተከለ ፕቱዮን ደስታ ነው፤ ባለቅኔው ቴዎክሪቶስ በሰባተኛው ቅኔው መጨረሻ ላይ የሚመኘው ይህንኑ ነው፣ በመከር ክምር ላይ ዳግም ለመትከል። የቆመው እንጨት ለመርከበኛ ሥራው አበቃ፣ ለገበሬ ሥራው ተሳካ ይላል። ኦዲሲየስ መቅዘፊያውን ሲተክል ከሩቅ የሚያየው ገበሬ ሰውዬው ምርቱን ጨርሷል ብሎ ሳያስብ አይቀርም።

እንግዲህ ጥያቄውን ቀጥታ ላንሳው። ኦዲሲየስ ከምጽዋ ተነስቶ መቅዘፊያውን ተሸክሞ ቢወጣ ደባርቅ ላይ ያርፍ ነበር? መንገዱ የታወቀ ነው። የጎንደር ነገሥታት ዘመን የንግድ መንገድ ከምጽዋ በአድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ይደርስና በወገራ ሜዳ ጎንደር ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወርዶ፣ በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን የወጣው በዚህ ነው። ብሩስ መሣሪያዎቹን ያሸከመበት ያ ዳገት ለመቅዘፊያም አይመችም።

በመጀመሪያው ፈተና ደባርቅ ያልፋል፤ ተማሪዎቼ መስክረዋል። በሁለተኛው ፈተና ግን ይወድቃል። ነቢዩ ጨው የማይበሉ ሰዎች ብሏል። የደባርቅ ሰው ጨው ይበላል፤ ያውም የባሕር ጨው! አሞሌው የሚመጣው ከአፋር ረባዳ ምድር ነው። ያ ምድር ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ፣ ውሃው ተንኖ ጨዉ የቀረበት ነው። ያንን ጨው በጡብ መልክ እየጠረቡ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ አወጡት። የደጋው ሰው በላው ብቻ አይደለም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘቡ አድርጎ ገበያ ወጣበት። ባሕርን አላየም፤ በኪሱ ግን ይዞት ይዞር ነበር። (ኪስ ባይኖረው በቀልቀሎ።)

በሦስተኛውም ይወድቃል፤ መርከብ የማያውቁ ይላልና። የስሜን ዲያቆን መርከብ በዓይኑ ሳያይ «ሐመር» የሚለውን የግዕዝ ቃል ሲያዜም ያድጋል። የኖኅን መርከብ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያያል፣ ጴጥሮስ መረቡን ሲጥልም ያያል። መልሕቅ ምን እንደሚሠራ ይነግርሃል። ቋንቋው ውስጥ ባሕር ከውሃው በፊት ደርሷል። ከባሕር ማዶ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ አልን፣ በቆሎን ደግሞ በብዙ ቦታ የባሕር ማሽላ አልን፣ የግብር መዝገቡን ባሕረ መዝገብ አልን፣ የበዓላት ስሌታችንን ባሕረ ሐሳብ። ባሕር የሌለው አማርኛ ጎደሎ ነው።

የሚገርመኝ ግን ሸራ ነው። ስለ ሸራ ማንም አይጽፍም፤ ሸራ ጫማ፣ የድንኳን ሸራ፣ የመኪና ሸራ ብለን እናልፈዋለን። ቃሉ ከአረብኛው «ሺራዕ» ጋር አንድ ነው፤ ሺራዕ ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን መርከብ በነፋስ የሚሄድበት ጨርቅ ነው። ቃሉ ከቀይ ባሕር ጀልባዎች ላይ ወርዶ ከነጋዴው ጭነት ጋር ደጋ ወጣ። አሁን የት ነው ያለው? ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ካየኋቸው አውድማዎች ብዙዎቹ በእበት የተለቀለቁ አይደሉም። ገበሬው ሸራ አንጥፎ ነው የሚያበራየው፤ እህሉ አፈር እንዳይነካው። ስለዚህ አንድ የወገራ ገበሬ በአንድ ጊዜ ምን እየሠራ ነው ብትሉኝ፣ በመርከብ ሸራ ላይ ቆሞ፣ መቅዘፊያ በሚመስል እንጨት፣ ነፋስ እየጠበቀ ነው። ኦዲሲየስ እዚያ ቢደርስ መርከቡን ያገኘው ይመስለው ነበር።

ግሪኮች ራሳቸው ይህን ታሪክ ከሆሜር በኋላም አልተዉትም። በሕዝብ ተረታቸው ውስጥ ባለታሪኩ ነቢዩ ኤልያስ ሆኗል። መርከበኛ ነበር ይላሉ፤ ባሕር አስመርሮት መቅዘፊያውን ተሸክሞ ወደ ተራራ ወጣ። ያገኘውን ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፤ «መቅዘፊያ» ካሉት አልፎ ይሄዳል። በመጨረሻ ተራራ ጫፍ ላይ «እንጨት ነዋ!» አሉት፤ እዚያው ቀረ። የቅዱስ ኤልያስ ጸሎት ቤቶች በግሪክ በየተራራው ጫፍ ላይ የሚገኙት ለዚህ ነው ይሉሃል። የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከበኞችም ያንኑ እንደ ቀልድ ያወሩታል። ልብ በሉ፣ በሁሉም ታሪክ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው መርከበኛው ነው፤ የደጋው ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ተጠይቆ ይመልሳል።

በእኛ ዘመን የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1948 ዓ.ም. ገደማ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ምጽዋ ሲከፈት፣ በ1956 ደግሞ የንግድ መርከብ ድርጅት ሲቋቋም፣ የደጋ ልጆች ወረዱ። ከእኛው ክፍል የወረዱ እንዳሉ ታስታውሳላችሁ፤ ነጭ ልብስ ለብሰው በጥምቀት ሲመጡ የነበረውን ቅናት ማን ይረሳዋል። ከ1983 በኋላ ወደቡ ሄደ፣ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። የንግድ መርከቦቹ ግን በጅቡቲ በኩል መመላለስ አላቋረጡም። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲሶችና መኮንኖች በሚሠለጥኑበት አካዳሚ በኩል ብዙ ወጣቶች በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረዋል። ከገብስ አውድማ ተነስቶ በቀጥታ ሲንጋፖር የሚገኝ ሰው አለን።

ከእነዚህ አንዱ በደባርቅ ያስተማርኩት ሰው ልጅ ነው። አባቱ ያን ቀን «ላይዳ!» ካሉት መሀል ነበር። ልጁ ለዕረፍት መጥቶ ቤቴ ቡና ጠጣ፣ እኔም የኦዲሲየስን ነገር ነገርኩት። «ጋሼ፣ መርከቡ ላይ እኮ መቅዘፊያ አያገኙም፤ የነፍስ አድን ጀልባዋ ውስጥ ካልሆነ» አለኝ። «በልምምድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስይዘው ግን እጄ ያውቀዋል። አያቴ ላይዳውን ሲሰጠኝ የሚለኝን ነበር ያስታወሰኝ፤ በክንድህ አይደለም በወገብህ ይለኝ ነበር።» አሠልጣኙ ፊሊፒናዊ ነበር አሉ፤ የት ተማርክ ብሎ ጠይቆታል። ልጁ አውድማ የሚለውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቅቶት «እርሻ ላይ» ብሎ አለፈው።

አያቱ የነበሩበት መንደር ላይዳ እየቀነሰ ነው። በሜዳው ላይ የመውቂያ ማሽን በኪራይ ይዞራል፤ ፍሬውን በአንድ በኩል፣ እብቁን በሌላ በኩል ይተፋል፣ ነፋስም አይጠብቅም። ገበሬው ተገላገለ፤ የማሽኑን ጥቅም የሚክድ ላይዳ ይዞ የማያውቅ ብቻ ነው። ዳገቱ ላይ፣ ማሽን በማይወጣበት፣ ከጨነቅ ወዲያ ባሉት የገብስ መንደሮች ግን ዕቃው ገና ሥራ ላይ ነው። ከጊች ተነስተው ደባርቅ ከተማ የሠፈሩት ቤተሰቦች ላይዳቸውን ይዘው ይውረዱ ወይስ ትተውት ይምጡ እያልኩ አስባለሁ፤ ከተማ ውስጥ አውድማ የለም።

ለመጪው ዓመት እትም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከየትም የመጣችሁ፣ በየአካባቢያችሁ ይህን ዕቃ ምን እንደምትሉት፣ ከምን እንጨት እንደሚጠረብ፣ መቅዘፊያ አይቶ ስሙን ያቀያየረ ሰው ገጥሟችሁ እንደሆነ ጽፋችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ላኩልኝ። ሥዕል ካለው ይበልጥ ጥሩ። የአውድማውን ምስጢር ስም ግን አትጻፉልኝ።